«ለወሬ ነው እንዴ የምከፍለው?» ስለ ቴራፒና ስለ ጥሩ ቴራፒስት

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ 30 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት ታክሲ ውስጥ እያለሁ ልቤ በድንገት መምታት ጀመረ። እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ በቃ ልሞት ነው አልኩ። ኢሲጂ፣ ኢኮ፣ ታይሮይድ፣ ደም፣ ያልተመረመርኩት የለም፤ ሁሉም ነፃ ነው። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሰጠኝ። ነገሩ ግን ይመላለስብኛል። አሁን ታክሲ ትቼ በራይድ ነው የምሄደው፤ ደሞዜ እሱ ላይ አለቀ። ሊፍትም አልገባም። እናቴ ጸበል ትላለች። ጓደኛዬ ሳይኮሎጂስት ጋ ሂጂ ብላኝ አንዱ ጋ ሄጄ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የራሱን ታሪክ አወራኝና ‹ጠንካራ ሁኚ፣ አዎንታዊ አስቢ› ብሎ ሸኘኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ በዙም የምታናግርሽ አበሻ ቴራፒስት ልፈልግልሽ ትላለች። እውነት ይሄ ነገር ይሠራል? ወይስ ለወሬ ነው የምከፍለው? የሚሠራ ከሆነስ ጥሩውን በምን ልለየው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ዶክተር አይደለሁም፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። መድኃኒት አላዝም። ማን ምን እንደሆነ ማወቁ ኋላ ላይ ብርሽን ስለሚያድንልሽ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ቴራፒ፣ ማለትም በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና፣ ይሠራል። ያዋጣልም። ላንቺ ደግሞ በተለይ። ሳላይሽ በጽሑፍ ብቻ «ይህ ነው» ብዬ መፈረም አልችልም። የጻፍሽው ግን ፓኒክ አታክ፣ ማለትም በድንገት የሚነሳ ከባድ የፍርሃት ማዕበል፣ ይመስላል፤ ፓኒክ ደግሞ በቴራፒ ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው ችግሮች አንዱ ነው። አንቺን ያጋጠመሽ ግን ቴራፒ አይደለም። ምክር ነው፤ ያውም ያልጠየቅሽው። «ጠንካራ ሁኚ» የሚለውንማ የታክሲው ረዳትም በነፃ ይልሻል።

ጥናቱን ቶሎ ልለፈው። በ1977 እ.ኤ.አ. ስሚዝና ግላስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 375 ገደማ ጥናቶችን ሰብስበው ውጤታቸውን አንድ ላይ አሰሉት። ቴራፒ ያገኘ አማካይ ሰው፣ ካላገኙት መካከል ከ75 በመቶው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጠንቃቃ ጥናቶች፣ በተለይ ድብርት ላይ የተሠሩት፣ ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል፤ ምክንያቱም ጥሩ ውጤት ያመጣ ጥናት ቶሎ ይታተማል፣ ያላመጣው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ብዙ ባለሙያ ደፍሮ የማይናገረውን ደግሞ ልንገርሽ፤ ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ ሰዎች ቴራፒ ጀምረው ይብስባቸዋል። ስለዚህ «ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው አባባል ውሸት ነው። ማን ጋ እንደምትሄጂ መምረጥሽ ልክ ነው።

ቴራፒ የማይሠራውም አለ። የቤት ኪራይ አይቀንስም። ክፉ አለቃ አያስተካክልም። እንደ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ባሉ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ላይ መሪው መድኃኒት ነው፤ ቴራፒው ይደግፋል እንጂ አይተካም። ይህን የማይነግርሽ ሰው ካጋጠመሽ ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። «ለወሬ ነው እንዴ የምከፍለው» ላልሽው መልሱ እዚህ ጋ ስላለ ትንሽ ላብራራው።

ልብ በብዙ ምክንያት ይመታል። ደረጃ ሮጠሽ ወጥተሽ፣ ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ፣ በባዶ ሆድ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተሽ። ችግሩ ምቱ አይደለም። ምቱን በሰማሽበት ቅጽበት «ልቤ ሊቆም ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ያስፈራሻል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ያስለቅቃል፤ አድሬናሊኑ ልብሽን ይብስ ያስመታዋል። ትንፋሽሽም ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ እጅሽ የሚደነዝዘው፣ ጭንቅላትሽ የሚዞረው በዚህ ነው። አንቺ ግን ይህን አታውቂም፤ «ይኸው! እውነትም ልሞት ነው» ትያለሽ። ከዚያ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ይህን ዙር አጥርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ሳይኮሎጂስት ዴቪድ ክላርክ ነው፤ 1986 እ.ኤ.አ.።

ታዲያ ለምን በራሱ አይቆምም? ሳታውቂው ስለምትንከባከቢው ነው። ልገምት፦ ቦርሳሽ ውስጥ የውኃ ጠርሙስ አይጠፋም። የእጅሽን ምት ትለኪያለሽ። ታክሲ የግድ ከሆነብሽ በሩ አጠገብ ትቀመጫለሽ፤ ቶሎ «ወራጅ አለ» ብለሽ ለመውረድ። ኋላ ወንበር፣ መሀል ላይ መቀመጥማ አይታሰብም። ራይዱም ከዚሁ ይቆጠራል። በሰላም ቤትሽ በገባሽ ቁጥር አእምሮሽ «ዛሬም ውኃው አተረፈኝ፣ በሩ አተረፈኝ» ብሎ ይመዘግባል። ልብሽ ድሮም ደህና እንደነበረ የምታይበት ዕድል አልሰጠሽውም።

ሥራውን የሚያውቅ ቴራፒስት እዚህ ላይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ የምርመራ ውጤቶችሽን ያያል፤ አስም፣ እርግዝና፣ የሚጥል በሽታ እንዳለ ይጠይቃል። ከዚያ ዙሩን በራስሽ ምሳሌ ወረቀት ላይ ይስልልሻል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ ደግሞ ተነሺ ይልሻል። እዚያው ቢሮ ውስጥ በቆምሽበት አንድ ደቂቃ ትሮጫለሽ። አፍንጫሽን ይዘሽ በቀጭን ስትሮ ትተነፍሻለሽ። የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትዞሪያለሽ። አዎ፣ ሆን ብሎ ያንን የምትፈሪውን ስሜት ያመጣብሻል። ከመጀመርሽ በፊት «ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» ይልሻል፤ «እወድቃለሁ» ትያለሽ፤ ይጽፈዋል። ስትጨርሺ «ወደቅሽ?» ይልሻል። አልወደቅሽም። ይህንንም ይጽፈዋል። እንደገና። እንደገና። ወደ ቤትሽ ይዘሽው የምትሄጂው የቤት ሥራ አለ፤ ለምሳሌ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ፣ ያለ ውኃ። ሳምንት ቆይቶ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ኋላ ወንበር መሀል። ሊፍቱም በተራው ይመጣል። አንዳንዱ አብሮሽ ይሳፈራል፤ እኔም ከሰው ጋር ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ሄጃለሁ። ሥራው ይህ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ለፓኒክ የሚመክረው በድምሩ ከ7 እስከ 14 ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስለ ልጅነት ማውራት ላንቺ አያስፈልግም። ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ችግር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሐዘን አለ፣ ትዳር አለ፣ ከልጅነት የመጣ ቁስል አለ፤ የዚያ አካሄዱ ሌላ ነው።

ስለ መድኃኒት ሁለት ቃል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ለፓኒክም ይሠራሉ። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ያለ ሐኪም በድንገት አይቋረጡም። ቴራፒስት ማግኘት ካልቻልሽ ወይም በጣም ከባሰብሽ ሳይካትሪስት ማየት ምንም ነውር የለውም። ዲያዜፓምና ዘመዶቹን ግን ጓደኛ ስለሰጠሽ ብቻ አትልመጂ። ወዲያው ያረጋጋሉ፣ አደጋቸውም እሱ ነው፤ ሱስ ያስይዛሉ። ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ ከውኃው ጎን ሌላ መከታ ይሆናሉ።

ጸበሉስ? እናትሽን አትጣያት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለኤችአይቪ የሆነው ለጭንቀት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሂጂ፣ ጸልዪ፣ ተጠመቂ። የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ግን አታቋርጪ፤ ጾም ላይ በባዶ ሆድ ቡና አትደራርቢ። «ወይ ጸበል ወይ ሕክምና» የሚልሽ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ላንቺ እያሰበ አይደለም።

አሁን ማን ምን እንደሆነ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ ሕክምና ተምሮ የአእምሮ ሕክምና ላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄደው ነበር የሚማሩት። ስለዚህ ዛሬም ጥቂት ናቸው፤ አንድ ሰው ጋ የሚያጠፉት ደቂቃም ጥቂት ነው። በየሆስፒታሉ ከባዱን ሥራ ተሸክመው የሚታዩት የሳይካትሪ ነርሶችና በአእምሮ ጤና ማስተርስ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ አትናቂያቸው። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። እዚህ ላይ ግን ጥያቄ አለ፦ በምን ደረጃ? በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ስለ ሰው ጠባይ ብዙ ተምሯል፣ ሰው ማከም ግን አልሠለጠነም። ክሊኒካል ወይም ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ያለው፣ በልምምድ ጊዜው ሌላ ባለሙያ እየተቆጣጠረው ሰው ያከመ ነው የሚፈለገው። ላይፍ ኮችና አነቃቂ ተናጋሪውስ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ማስጨብጨብ ሌላ ሙያ ነው። አንቺን ያየሽ ሰውዬ፣ ስጠረጥር፣ ከዚያ ወገን ነው።

ከየት ትጀምሪያለሽ? አማኑኤል፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፤ እነዚህ የሳይካትሪ ተመላላሽ ሕክምና አላቸው። «አማኑኤል» ስል እንደደነገጥሽ አውቃለሁ። በእኛ ከተማ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኗል፤ ልጅ ሲያጠፋ «አማኑኤል ነው የሚወስዱህ» ይባላል። በሩ ላይ ግን አንቺን የመሰለ ሰው ሞልቷል፤ የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ተማሪ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ለመነጋገር ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሆኖም በርካሽ ዋጋ ትክክለኛ ምርመራ ታገኛለሽ። ስትወጪ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ፓኒክ ላይ በንግግር የሚሠራ፣ እናንተ ሰው የምትልኩለት ሳይኮሎጂስት ማነው?» እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ማን ጥሩ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማን ጋ የሄደ ተሽሎት እንደተመለሰ፣ ማን ጋ የሄደ ብሶበት እንደተመለሰ ያያሉ።

ሌላው መንገድ የተሻለው ሰው ነው። ጓደኛሽ «እኔ የሄድኩበት በጣም ጥሩ ነው» ካለችሽ «ምን አደረገልሽ?» በያት። «በጣም ደስ የሚል ሰው ነው፣ ያዳምጣል» ብቻ ካለችሽ አይበቃም። «በየሳምንቱ እንዲህ አስደረገኝ፣ ከዚያ እንዲህ ቀረልኝ» ካለችሽ ስልኩን ውሰጂ። የቲክቶክ ተከታይ ብዛት ምንም አይነግርሽም።

ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። በእኛ አገር ባለሙያ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል፤ እንኳን ሳይኮሎጂስት፣ ሐኪም ራሱ «ምንድን ነው ያዘዝክልኝ?» ሲባል ፊቱ ይቀየራል። ግድ የለም፣ ጠይቂ። «የት ተማርክ፣ በምን?» «ፓኒክ ያለበት ሰው አክመህ ታውቃለህ? ምንድን ነው የምታደርገው?» ጥሩ ባለሙያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳል፦ «ስሜቱን አብረን እናጠናለን፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ የምትሸሺውን ነገር እንለማመዳለን።» መጥፎው «ሁሉንም ነገር እናክማለን፣ ነይ ብቻ» ይልሻል። «በአንድ ቀን እገላግልሻለሁ» ካለሽ ስልኩን ዝጊ።

ቋንቋም አለ። ስትናደጂ የሚመጣልሽ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ፣ በዚያ የሚያናግርሽ ፈልጊ። ሴት ባለሙያ የምትመርጪ ከሆነም በግልጽ ተናገሪ፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዘመድ፣ ያንቺው ሰንበት ትምህርት ቤት ሰው፣ የአለቃሽ ወዳጅ ግን አይሁን። አዲስ አበባ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ወሬ ቶሎ ነው የሚደርሰው። ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅና መቼ እንደማይጠበቅ፣ ለምሳሌ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ራሱ ሊነግርሽ ይገባል። ካልነገረሽ ጠይቂው።

ገብተሽ ከተቀመጥሽ በኋላስ? ጥሩው ብዙ ይጠይቃል፣ ዝርዝር ይጠይቃል። መቼ ጀመረሽ? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ምን ነበር? ስንት ሲኒ ቡና ትጠጫለሽ? ጫት፣ መጠጥ፣ እንቅልፍ? ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ሳይደነግጥ ይጠይቃል። አጫጭር መጠይቅ ሊያስሞላሽ ይችላል፤ ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ ለምሳሌ በአማርኛ ተፈትኖ ያለቀ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ ደግሞ ያስሞላሻል፣ ያወዳድራል። «ባለፈው ያልኩሽ ጠቀመሽ? ያልጠቀመሽ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስትነቅፊው አይኮሳተርም።

የሚያስወጣሽ ደግሞ፦ ሰዓቱን በራሱ ታሪክ የሚጨርስ። ስልክ የሚያነሳ። የሚሰብክ፣ ወይም ሃይማኖትሽን ሊያስቀይርሽ የሚሞክር። የብዙ ወር ክፍያ ቅድሚያ አምጪ የሚል። «ከእኔ ሌላ ማንም አይረዳሽም» የሚል። ማታ ማታ በቴሌግራም ከሕክምናው ውጭ ወሬ የሚጀምር፣ ውጭ ቡና እንጠጣ የሚል፣ የሚነካሽ። የመጨረሻዎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ መስጠትም አያስፈልግሽም፤ ተነሺና ውጪ፣ ለሚሠራበት ተቋም ኃላፊ ጽፈሽ አሳውቂ።

ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር፣ ሰውየው ጨዋ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ላይስማማሽ ይችላል። ሦስት ጊዜ ሄደሽ ምን እየተሠራ እንደሆነ ካልገባሽ፣ በግልጽ ንገሪው፤ ካልተስተካከለ ቀይሪ። ይሉኝታ አይያዝሽ። በ1986 እ.ኤ.አ. ሃዋርድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት እስከ 8ኛው ቀጠሮ ድረስ ግማሽ ያህሉ ሰው ለውጥ አሳይቷል። 8 ጊዜ ሄደሽ ታክሲ ላይ ምንም ካልተቀየረ፣ ጥፋቱን ራስሽ ላይ አትደምድሚ።

ብሩ ነው የሚያሳስበኝ ካልሽ፣ በየሳምንቱ ፈንታ በየሁለት ሳምንቱ ሂጂና የቤት ሥራውን አጠንክረሽ ሥሪ። ፓኒክ የሚድነው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ታክሲው ውስጥ ነው፣ ታክሲው ደግሞ ከእኔ ይረክሳል። ውድ ማለትም ጥሩ ማለት አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ዲግሪ የላቸውም። ግን የተወሰነ ዘዴ አላቸው፣ 6 ቀጠሮ አላቸው፣ የሚቆጣጠራቸው ባለሙያ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራቸው እንዳሳየው፣ እነሱ ያነጋገሯቸው ሰዎች የድብርትና የጭንቀት ምልክት የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ቀንሷል። ለኔ ይህ ከብዙ ዲፕሎማ በላይ ይናገራል። ዘዴ የሌለው ማስተርስ፣ ዘዴ ካላት አሮጊት አይሻልም።

የእህትሽ ሐሳብ መጥፎ አይደለም፤ ፓኒክ በቪዲዮም ይታከማል። ግን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያላት ሴት ኢትዮጵያ ያለ ሰው ማከም ትችል እንደሆነ ራሷን ጠይቂያት፤ ሕጉን የምታውቅ ከሆነ አትቀየምም። በዶላር መክፈሉን እህትሽ ስንት ወር ትችለዋለች? መሀል ላይ እንዳይቆም። ኢንተርኔቱም አለ።

አንድ ነገር ልለይልሽ። «ልሞት ነው» ብሎ መፍራት የፓኒክ ነው። «በሞትኩ» ማለት ከጀመርሽ ግን ሌላ ነው፤ ቴራፒስት እየፈለግሽ አትቆዪ፣ ዛሬውኑ አማኑኤል ወይም ቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ሰው ይዘሽ።

ለሦስት ወይም ለአራት ባለሙያ የምትልኪውን ጽፌልሻለሁ፤ ኮፒ አድርጊው፦

«ሰላም። 30 ዓመቴ ነው። የፓኒክ አታክ የሚመስል ነገር ይደጋገምብኛል። የልብና የታይሮይድ ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተብያለሁ። ታክሲና ሊፍት መሸሽ ጀምሬያለሁ። ቀጠሮ ከመያዜ በፊት፦ ለፓኒክ የምትጠቀሙት ዘዴ ምንድን ነው? የምሸሸውን ነገር በተግባር እንለማመዳለን ወይ? ስንተኛው ቀጠሮ ላይ ነው ለውጡን የምንገመግመው? ዋጋውንም ብትነግሩኝ።»

ሦስቱንም ጥያቄ ሳይናደድ ለመለሰልሽ ቀጠሮ ያዢ። የኢሲጂውን፣ የኢኮውንና የደሙን ውጤት ይዘሽ ሂጂ፣ እንደገና አስመርምሪ ብለው እንዳያስወጡሽ።